አባት ሳያውቁ ልጅ የፈረመበት ቅጽ፤ በአዳማ የተከሰተ የሕክምና ፈቃድ ጉዳይ ጥናት

ይህ ጥናት በአዳማ ከተማ በሚገኝ አንድ ሆስፒታል የቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ የተከሰተን ጉዳይ የሚመለከት ሲሆን፣ የተጻፈው በተለይ የሕክምና ሕግንና የሕሙማን እንክብካቤን መሠረታዊ ትምህርት ለሚከታተሉ የነርሲንግ ተማሪዎች ነው። የታካሚውን፣ የቤተሰቡንና የባለሙያዎቹን ማንነት ሊገልጡ የሚችሉ ዝርዝሮች ተለውጠዋል፤ የሆስፒታሉም ስም ሆን ተብሎ ተትቷል። ጉዳዩ ፍርድ ቤት አልደረሰም፣ በጉዳዩም የሞተ ሰው የለም። ለማስተማሪያ የመረጥሁት በዚሁ ምክንያት ነው፤ ነርስ በሥራ ዘመኗ የምትገናኘው የሕግ ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው በጠዋት ርክክብ ላይ፣ ሰው ሁሉ በቸኮለበት ሰዓት ነውና።

ታካሚው የ67 ዓመት አዛውንት ሲሆኑ፣ ለረጅም ዓመታት በወንጂ የሸንኮራ እርሻ ሠርተው ጡረታ የወጡ ናቸው። የስኳር በሽታ እንዳለባቸው ካወቁ ብዙ ጊዜ ቢሆናቸውም ክትትላቸው የሚቆራረጥ ነበር። በቀኝ እግራቸው አውራ ጣት ላይ ጫማ የፋቀው ትንሽ ቁስል ሳያማቸው ሰነበተ። ስኳር የእግርን ነርቭ ሲጎዳ ሕመሙ የማስጠንቀቅ ሥራውን ስለሚያቆም፣ እንዲህ ያለው ቁስል ባለቤቱን ሳይቀሰቅስ ወደ ውስጥ ይሰፋል። ወደ ሆስፒታል ሲመጡ የፊተኛው የእግራቸው ክፍል ጠቁሮ፣ እየፈሳሰሰና እየሸተተ ነበር፤ የሰውነት ሙቀታቸው 38.6 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ የደም ስኳራቸው ደግሞ 340 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር ሆኖ ተመዘገበ። ፈሳሽ፣ ኢንሱሊን፣ ሴፍትሪያክሶንና ሜትሮኒዳዞል የተባሉ ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒቶች ተጀመረላቸው። የቀዶ ሕክምና ስፔሻሊስቱም እርጥብ ጋንግሪን (በኢንፌክሽን የበሰበሰ የሞተ ሥጋ) መሆኑን አይቶ፣ እግሩ ከጉልበት በታች እንዲቆረጥ ወሰነ፤ ተራውም ለሰኞ ጠዋት ተያዘ። እስከዚህ ድረስ በሕክምናው ላይ የሚነሳ ጥያቄ የለም።

ጥያቄው የሚጀምረው እሑድ ማታ ነው። ተረኛው ሐኪም ፈቃድ ለመቀበል ሲመጣ ታካሚው አንቀላፍተው ስለነበር የበኩር ልጃቸውን ወደ ኮሪደር ጠርቶ አነጋገረው። ልጁ የተነገረውን ከሰማ በኋላ አንድ ነገር ለመነ፤ «ዶክተር፣ አባቴ እግሩ እንደሚቆረጥ ከሰማ ዛሬውኑ ልቡ ይሰበራል። እርስዎ አይንገሩት፣ ከኦፕራሲዮን ሲወጣ ሽማግሌ ሰብስበን እኛ እንነግረዋለን» አለ። ይህን ልመና በክፋት የሚተረጉም ሰው አገሩን አያውቅም። መርዶ በድንገት አይጣልም፤ ማለዳ ተጠብቆ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ የሚደግፍ ሰው ከጎን ቆሞ ይረዳል እንጂ። ልጁ ያደረገው ያደገበትን ሥርዓት ወደ ሆስፒታል ማምጣት ነው። ሐኪሙ ተስማማ፤ ልጁም በእንግሊዝኛ በተዘጋጀው ቅጽ ላይ፣ የቀዶ ሕክምናው ስም በምሕጻረ ቃል ከተጻፈበት መስመር ሥር ፈረመ። በታካሚው ቻርት (የሕክምና መዝገብ) ላይ የተጻፈው «ኮንሰንት ተወስዷል»፣ ማለትም ፈቃድ ተገኝቷል፣ የሚል ብቻ ነበር። ማን ሰጠ፣ ምን ተብሎ ተነገረው፣ ምን ጠየቀ፣ ምንስ አማራጭ ቀረበለት የሚለው አልተጻፈም።

በማግስቱ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ለተግባር ልምምድ የተመደበች የአራተኛ ዓመት ተማሪ የቅድመ ቀዶ ሕክምና ዝግጅት እንድትሠራ ታዘዘች። የእጅ መለያውን አየች፣ የሙቀትና የደም ግፊት ልኬት ወሰደች፣ ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ምግብ እንዳልወሰዱ አረጋገጠች። ቀጥላም እንዲህ ጠየቀች፤ «አባባ፣ ዛሬ ምን ሊሠሩልዎ እንደሆነ ሐኪሞቹ ነግረውዎታል?»

«እንዴታ! ቁስሉን አደንዝዘው ሊያጥቡልኝ ነው። የሞተውን ሥጋ ጠርገው ያወጡታል ተብያለሁ፣ ልጄ።»

እዚህ ላይ ተማሪዎች የጥያቄውን አቀራረብ ልብ እንዲሉ እፈልጋለሁ። ተማሪዋ «ለኦፕራሲዮኑ ተስማምተዋል?» ብላ ብትጠይቅ ኖሮ መልሱ «አዎ» ይሆን ነበር፤ አዎታውም እውነተኛ ነው፣ ምክንያቱም ታካሚው ለአንድ ኦፕራሲዮን ተስማምተዋል፤ የተስማሙለት ግን የታቀደው አይደለም። በአዎና በአይደለም የሚመለስ ጥያቄ ሰነዱን ያሟላል እንጂ ታካሚው የሚያውቀውን አያሳይም። በራሳቸው አንደበት እንዲናገሩ የሚጋብዝ ጥያቄ ግን ከቅጹ በስተጀርባ ያለውን ጉድለት በአንድ ዓረፍተ ነገር አወጣው።

ተማሪዋ ከዚያ በኋላ ያደረገችው ሁሉ ግን ትክክል አልነበረም። በድንጋጤ፣ እዚያው አልጋው አጠገብ እንደቆመች፣ በአቅራቢያዋ ለነበረች ሌላ ነርስ «ቻርቱ ላይ ያለው እኮ አምፑቴሽን ነው» አለቻት። ክፍሉ ስምንት አልጋዎች ያሉትና በአስታማሚዎች የተጨናነቀ ነበር። የሚቀጥለው አልጋ አስታማሚ ቃሉን ሰምቶና ገብቶት፣ ነርሶቹ ዘወር ሲሉ ወደ አዛውንቱ ጠጋ ብሎ፣ በአዘኔታ ይመስለኛል፣ «እግርዎን ሊቆርጡ ነው እኮ፣ አልነገሩዎትም?» አላቸው። በዚህ ሁኔታ ታካሚው ስለ ገዛ አካላቸው እጅግ ከባድ የሆነውን ዜና ሊያስረዳቸው ግዴታ ካለበት ሐኪም ወይም ሊያጽናናቸው ከሚችል ልጅ ሳይሆን ከማያውቁት ሰው ሰሙ።

የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 399 የሙያ ምስጢር መግለጥን ያስቀጣል፤ ነርሶችም ምስጢር ጠባቂ ተብለው ከተዘረዘሩት ባለሙያዎች መካከል ናቸው። አስታማሚው በዚህ አንቀጽ የሚጠየቅ ባለሙያ አይደለም። ተማሪዋም ምስጢር ለመግለጥ አስባ እንዳልተናገረች ግልጽ ስለሆነ ነገሩን ወደ ወንጀል ማድረስ አግባብ አይመስለኝም። ነገር ግን ምስጢር በክፍሎቻችን ውስጥ የሚወጣው በአብዛኛው እንዲህ ነው። ስለ ምስጢር ስናስተምር ፋይል ሰርቆ ስለሚያወጣ ሰው እናወራለን፤ በተግባር ግን ትልቁ ቀዳዳ በአልጋ ዳር ከፍ ባለ ድምፅ የሚደረግ ንግግር፣ በሐኪሞች ዙር ጊዜ የሚነበብ የምርመራ ውጤትና ተከፍቶ የሚተው ቻርት ነው። እንግሊዝኛ ቃል መጠቀምም ምንም አይጋርድም።

ተማሪዋ ወደ ክፍሉ ኃላፊ ነርስ ሄዳ ነገሩን ስታስረዳ የተሰጣት መልስ አጭር ነበር፤ «የታዘዘውን ዲያዜፓም እንዳትሰጪ። ቻርቱን ይዘሽ ነይ።» የዚህ ትእዛዝ ምክንያት መታወቅ አለበት። ታካሚው የሚያረጋጋ መድኃኒት ከወሰደ በኋላ የሚሰጠው ፈቃድ አእምሮው ሙሉ ሆኖ የሰጠው ፈቃድ መሆኑ ያጠራጥራል፤ ክኒኑ ቢሰጥ ኖሮ የዚያን ጠዋት ውይይት ማድረግ ባልተቻለም ነበር። ኃላፊዋ ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል ስትደውል ስፔሻሊስቱ «ልጁ ፈርሟል እኮ፣ ምን ጎደለ?» አላት። እሷም «ዶክተር፣ ታካሚው ራሳቸው አያውቁም። መጥተው ካላነጋገሯቸው ልልካቸው አልችልም» ብላ መለሰች። የዕለቱ ተራ ለሌላ ታካሚ ተሰጠ።

የጠዋቱ ሁኔታ በሕጉ ሲመዘን የኃላፊዋ አቋም ጠንካራ መሠረት ያለው ሆኖ ይገኛል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 192 ማንኛውም ሰው በሕግ ችሎታ የለውም ካልተባለ በስተቀር የማኅበራዊ ኑሮ ተግባሮችን ሁሉ ለመፈጸም ችሎታ እንዳለው ይደነግጋል። ዕድሜ መግፋት፣ ማንበብ አለመቻል፣ በልጅ እጅ መጦር ወይም ታሞ መተኛት ይህን ችሎታ አያስቀሩም። የዚሁ ሕግ አንቀጽ 20 ደግሞ አንድ ሰው የሕክምና ወይም የቀዶ ጥገና ምርመራንም ሆነ ሕክምናን በማናቸውም ጊዜ እምቢ ለማለት እንደሚችል ይገልጻል፤ በሕዝብ ጥቅም ምክንያት በሕግ የሚታዘዙ እንደ ክትባት ያሉ እርምጃዎች ግን በዚህ አይነኩም። የምግብ፣ የመድኃኒትና የጤና ክብካቤ አስተዳደርና ቁጥጥር የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 299/2006ም ታካሚው በቂ መረጃ አግኝቶ የሚሰጠው ፈቃድ የሕክምና ቅድመ ሁኔታ መሆኑን አስቀምጧል። እነዚህ አብረው ሲነበቡ፣ አእምሮው የተሟላ የ67 ዓመት ሰው እግሩ እንዲቆረጥ በልጁ ፊርማ የሚወሰንበት ቦታ አይገኝም። ልጁ የአባቱ ሞግዚት አይደለም፣ ውክልናም አልያዘም፤ የዝምድናው ቅርበት ብቻውን ሥልጣን አይሰጠውም።

ቀዶ ሕክምናው ሰኞ ጠዋት ተፈጽሞ ቢሆን ኖሮስ? የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2038 የሌላውን ሰው አካል ያለ ፈቃዱ ሆን ብሎ መንካትን ከኃላፊነት ምንጮች ውስጥ ይቆጥረዋል፤ አንቀጽ 2031 ደግሞ ማንኛውም ባለሙያ የሙያውን ደንብ እንዲጠብቅ ያስገድዳል። በአንቀጽ 2651 መሠረት የሕክምና ተቋም የሚቀጥራቸው ሐኪሞችና ረዳት ሠራተኞች በጥፋታቸው በታካሚው ላይ ለሚያደርሱት ጉዳት በፍትሐ ብሔር ተጠያቂ ስለሚሆን፣ ክሱ በሐኪሙ ላይ ብቻ ተወስኖ አይቀርም ነበር። ቀዶ ሕክምናው የተሳካ መሆኑና እግሩም በእርግጥ መቆረጥ የነበረበት መሆኑ የካሣውን መጠን ሊነካ ይችላል፤ ፈቃድ አልተጠየቀም የሚለውን ነገር ግን አይፍቀውም።

ይህን ስናገር ተማሪዎች ሁልጊዜ «ታዲያ ባህላችንስ?» ይላሉ። ተገቢ ጥያቄ ነው። ሕጉ ታካሚው ብቻውን ተቀምጦ ብቻውን እንዲወስን አያስገድድም። አንድ አባት «እኔ አይገባኝም፣ ለልጄ ንገሩት፣ እሱ ያለው ይሁን» ቢሉ ይህ የራሳቸው ውሳኔ ስለሆነ ሊከበር ይገባል። ልዩነቱ መጠየቃቸው ላይ ነው። ታካሚው ገና ሲተኛ፣ መጥፎ ዜና ከመምጣቱ በፊት፣ «ስለ ሕመምዎ የሚነገረውን ለእርስዎ ብንነግርዎ ይመርጣሉ ወይስ ከልጆችዎ ጋር ሆነው ይስሙ?» ብሎ መጠየቅና መልሱን መጻፍ ከነርስ ሥራ ውስጥ ነው። እሑድ ማታ ይህን የጠየቀ ሰው አልነበረም።

የነርስ ድርሻ እስከ ምን ድረስ እንደሆነም መለየት ያስፈልጋል። የቀዶ ሕክምናውን ዓይነት፣ ጥቅሙን፣ አደጋውንና አማራጩን የማስረዳት ግዴታ ያለበት ሕክምናውን የሚሰጠው ሐኪም ነው፤ ኃላፊዋ ነርስ አዛውንቱ ዘንድ ሄዳ ራሷ አላስረዳችም፣ ማስረዳትም አልነበረባትም። ሥራዋ ጉድለቱን ማየት፣ ሂደቱን ማቆም፣ የሚመለከተውን ባለሙያ መጥራትና ውይይቱ የሚደረግበትን ሁኔታ ማመቻቸት ነበር። ነርስ ቅጹ ላይ በምስክርነት ስትፈርምም የምትመሰክረው ታካሚው በፊቷ መፈረሙን ነው። በ2008 እ.ኤ.አ. የዓለም ጤና ድርጅት ያወጣው የቀዶ ሕክምና ደኅንነት ማረጋገጫም ማደንዘዣ ከመሰጠቱ በፊት ታካሚው ማንነቱን፣ የሚቀደደውን ቦታ፣ የቀዶ ሕክምናውን ዓይነትና ፈቃዱን ራሱ እንዲያረጋግጥ የሚጠይቀው እንዲህ ያለውን ስሕተት በመጨረሻው በር ላይ ለመያዝ ነው።

ስፔሻሊስቱ እኩለ ቀን አካባቢ መጣ። ታካሚው በአልጋ ጋሪ ወደ ፋሻ መቀየሪያው ክፍል ተወስደው በሩ ተዘጋ፤ ልጁና ኃላፊዋ ነርስም በታካሚው ፈቃድ አብረው ገቡ። ከውይይቱ በፊት የደም ስኳራቸው ተለካ። ይህ ልማድ ብቻ አልነበረም፤ ከሌሊቱ ጀምሮ ምግብ ያልወሰደና ኢንሱሊን ላይ ያለ ሰው ስኳሩ ከ70 በታች ሊወርድና ሊደናገር ስለሚችል፣ በዚያ ሁኔታ የተናገረው ነገር እሺታም ይሁን እምቢታ ክብደት አይኖረውም። ልኬቱ 186 ነበር። ቀኑን፣ ያሉበትን ቦታና ሰዎቹን ለይተው ያውቁ ነበር። ሐኪሙ ካስረዳቸው በኋላ የሰሙትን በራሳቸው ቃል መልሰው ነገሩት፣ ካልተቆረጠ መርዙ ወደ ደም ገብቶ ሊገድላቸው እንደሚችል ተናገሩ፣ የመረጡበትንም ምክንያት ሰጡ፤ ምርጫቸውንም በግልጽ አስታወቁ። የመወሰን ችሎታ የሚመዘነው በእነዚህ ነው፤ መረጃውን መረዳት፣ በራስ ላይ የሚያስከትለውን መገንዘብ፣ ምክንያት እያቀረቡ ማመዛዘንና ምርጫን መግለጽ። ሐኪሙ የማይስማማበትን ውሳኔ መስጠት ችሎታ ለማጣት ማስረጃ አይሆንም።

ውሳኔያቸውም «እግሬን ይዤ ልቀበር» የሚል ነበር።

ልጁ ኃላፊዋን ኮሪደር ላይ «አባቴን ልትገይው ነው?» ብሎ ጮኸባት፤ ለአስተዳደሩም አቤቱታ አስገባ። በዚያ ቀን በክፍሉ ውስጥ የተነሳ አንድ ሐሳብም ነበር፤ «እምቢ ካሉ ፈርመው ይውጡ» የሚል። ይህ አነጋገር በብዙ ቦታ የተለመደ ቢሆንም ስሕተት ነው። አንድን ሕክምና እምቢ ያለ ሰው ሌላውን ሁሉ እምቢ አላለም፤ ፀረ ተሕዋስያኑ፣ ኢንሱሊኑ፣ የሕመም ማስታገሻውና የቁስል እንክብካቤው ፈቃዱን ያልነሳባቸው ናቸው። የወንጀል ሕጉም ከባድ ችግር ላይ ላለ ሰው ያለ በቂ ምክንያት የሙያ እርዳታ መንፈግን ይከለክላል። ኃላፊዋ ሐሳቡን አልተቀበለችም፤ የፋሻ ቅያሪው በቀን ሁለት ጊዜ እንዲሆን አደረገች፣ በየአራት ሰዓቱ ሙቀትና የደም ግፊት እንዲለካ አዘዘች።

የጻፈችው ማስታወሻ ከእሑዱ ማስታወሻ ጋር ጎን ለጎን ቢነበብ ከብዙ ሰዓት ትምህርት ይበልጣል። ፍሬ ነገሩ እንዲህ ነበር፤ «6:20 ሰዓት፤ ታካሚው በፋሻ መቀየሪያ ክፍል፣ በሩ ተዘግቶ፣ በስፔሻሊስቱ ስለ ምርመራው ውጤት፣ ስለታቀደው ቀዶ ሕክምና፣ ስለ አደጋውና ባይደረግ ስለሚከተለው ተነገራቸው። በታካሚው ፈቃድ ልጃቸው ተገኝቷል። የደም ስኳር 186፤ ጊዜ፣ ቦታና ሰው ይለያሉ። የሰሙትን መልሰው ተናገሩ። ‹እግሬን ይዤ ልቀበር› በማለት እምቢ ብለዋል። ሌላውን ሕክምና እንደሚፈልጉ ተናግረዋል። ውሳኔያቸውን በማንኛውም ጊዜ መለወጥ እንደሚችሉ ተነግሯቸዋል።» በማስታወሻው ውስጥ «ግትር» ወይም «አስቸጋሪ» የሚል ቃል የለም። ዓመታት ካለፉ በኋላ የዚያን ቀን የሆነውን የሚናገር ይህ ወረቀት ብቻ ሊሆን ይችላል።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ አዛውንቱ ሴት ልጃቸውንና አንድ የቀድሞ የሥራ ባልደረባቸውን አስጠሩ፤ ስፔሻሊስቱም እንዲመለስ ጠየቁ። ያነሷቸው ጥያቄዎች በቅጹ ላይ ቦታ የሌላቸው ነበሩ። ከጉልበት በታች ከተቆረጠ ቤተ ክርስቲያን መንበርከክ ይችሉ እንደሆነ ጠየቁ፤ ሐኪሙም ጉልበቱ እንደሚተርፍ፣ ሰው ሠራሽ እግር ለመልመድም ከጉልበት በላይ ከተቆረጠ ሰው ይልቅ እንደሚቀላቸው፣ ከዘገየ ግን ይህን ዕድል ሊያጡ እንደሚችሉ ነገራቸው። የተቆረጠው እግር የት እንደሚደርስም ጠየቁ። ቤተሰቡ ወስዶ ሊቀብረው እንደሚችል ሲነገራቸው ረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ረቡዕ ጠዋት በራሳቸው እጅ ፈረሙ፤ በዚያው ቀን ቀዶ ሕክምናው ተደረገላቸው። ኢንፌክሽኑ ስለነበረ ቁስሉ መጀመሪያ ሳይዘጋ ተትቶ፣ ሲጠራ በሁለተኛ ቀዶ ሕክምና ተዘጋ። ጉልበታቸው ተርፏል።

የልጁ አቤቱታ ሁለቱ ቀናት አባቱን ለሁለተኛ ቀዶ ሕክምና ዳርገዋል የሚል ነበር። እርጥብ ጋንግሪን ሲሆን መጀመሪያ ቆርጦ ክፍት መተውና በኋላ መዝጋት የታወቀ አሠራር ስለሆነ፣ ሰኞ ቢደረግም ያው ሊሆን ይችል ነበር። መዘግየቱ አደጋ እንደነበረው ግን መካድ አይገባም፤ ኃላፊዋም አልካደችም። እኔ የማልቀበለው መዘግየቱን የሰኞ ጠዋቱ ጥያቄ እንዳመጣው አድርጎ መቁጠርን ነው። አዛውንቱ ለመወሰን ያስፈለጋቸው ከሁለት ቀን ያነሰ ጊዜ፣ ሁለት የሚያምኗቸው ሰዎችና ለሁለት ጥያቄዎች መልስ ነበር። ይህ ሁሉ በተኙበት ቀን ሊጀመር ይችል ነበር፤ ጊዜውን የበላው ዝምታው ነው፣ በዚያ ላይ ዜናው በማያውቁት ሰው አፍ መድረሱ እምቢታቸውን ሳያጠነክረው አልቀረም።

በክፍል ውስጥ ይህን ጉዳይ ስናነሳ ተማሪዎችን ይበልጥ የሚያከራክረው ያልተከሰተው ነገር ነው። ማክሰኞ ሌሊት ትኩሳታቸው ጨምሮ፣ የደም ግፊታቸው ወርዶ፣ አእምሯቸው ቢስት ኖሮ ልጁ መፈረም ይችል ነበር? ድንገተኛ አደጋ ሲሆንና የታካሚው ፈቃድ ሊታወቅ በማይችልበት ጊዜ ሕይወት ለማዳን የሚደረግ ሕክምና ፈቃድ ሳይጠበቅ ይሰጣል። የእኚህ ሰው ፈቃድ ግን ይታወቃል፤ ሰኞ በሙሉ አእምሯቸው እምቢ ብለዋል። ስለዚህ መሳታቸውን ተጠቅሞ የልጁን ፊርማ መቀበል ሰኞ የተከለከለውን ማክሰኞ ሌሊት በጓሮ በር ማስገባት ነው የሚል አቋም አለኝ። ተቃራኒውን የሚይዙ ተማሪዎችም ባዶ እጃቸውን አይደሉም፤ ሰውዬው ማክሰኞ ቀን ሴት ልጃቸውንና የቀድሞ ባልደረባቸውን ማስጠራታቸው ሐሳባቸው እየተለወጠ እንደነበር ያሳያል ይላሉ። በእንዲህ ያለ ሌሊት ተረኛዋ ነርስ ብቻዋን መቆም የለባትም፤ ስፔሻሊስቱንና የሆስፒታሉን ተረኛ ኃላፊ መጥራት፣ የተጠሩበትንም ሰዓት መጻፍ አለባት። ከሁሉ በፊት ግን እምቢ ያለውን ታካሚ ገና ሲናገር እያለ፣ «ቢስቱና መናገር ቢያቅትዎ ምን እንድናደርግ ይፈልጋሉ? ማንንስ እንጠይቅ?» ብላ ጠይቃ መልሱን በገዛ ቃሉ ቻርቱ ላይ ማስፈር ይገባታል። ሰኞ ዕለት በተጻፈው ጥሩ ማስታወሻ ውስጥ እንኳ ይህ ጥያቄ የለም።